የአልጋ ቁስል በቀዶ ሕክምና ሲዘጋ፦ ከሆስፒታል በኋላ ያለው ሥራ የማን ነው?

ውሉ ላይ የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» የሚል ነው። ቤቱ ሲገባ ግን በአንደኛው ክፍል ስትሮክ የመታቸው ወይም የስኳር ሕመም ያደከማቸው እናት ወይም አባት ተኝተው ይገኛሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እህቶች፣ ከጽዳቱና ከማብሰሉ ሌላ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንትን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ዳይፐር መቀየርና ማገላበጥ የዘወትር ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ካሉት ጭንቀቶች ትልቁ ደግሞ የአልጋ ቁስል ነው፤ ዐረቦች «ቁርሐት አል-ፊራሽ» ይሉታል።

ቁስሉ ትንሽ ሳለ በጥንቃቄ ይድናል። ጠልቆ አጥንት ሲደርስ ግን ቤተሰቡ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል፤ ሐኪሞችም አንዳንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ለመዝጋት ይወስናሉ። ከሳምንታት በኋላ ሕመምተኛዋ ረጅም ስፌት ይዘው፣ አንዳንዴም ከነቱቦአቸው፣ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ በማን ላይ እንደሚወድቅ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በሆስፒታል ግን ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚነገረው ለማዳም ወይም ለልጆቻቸው ነው፤ ሌሊት የምታገላብጣቸው ሴት ብዙውን ጊዜ ከበር ውጭ ትቀራለች።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ ነው። ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ ለምን በቀላሉ ሊበላሽ እንደሚችልና ከአንድ ሰው አቅም በላይ የሚሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ያብራራል።

ቁስሉ ከየት ይመጣል?

ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ሳያውቀው ይገላበጣል። አንድ ጎኑ ሲደነዝዝ ሰውነቱ ራሱ ያዞረዋል። ስትሮክ የመታው፣ አከርካሪው የተጎዳ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ከላይ አጥንቱ፣ ከታች ፍራሹ ይጫናል፤ መሐል ያለው ሥጋና ቆዳ ይጨመቃል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ላይ ሰው ሲቆም ውኃው እንደሚቋረጥ ሁሉ፣ በተጨመቀው ቦታ ደም መዞሩን ያቆማል። በተዳከመ ሰው ላይ ይህ ሁኔታ ለሁለት ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቋረጥ ከቆየ ጉዳት ሊጀምር ይችላል።

ከጫናው ሌላ ሦስት ነገሮች ነገሩን ያባብሱታል። አንደኛው መንሸራተት ነው፤ የአልጋው ራስጌ ከፍ ሲል ሰውየው ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ሲቀር አጥንቱ ይወርዳል፣ መሐል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሳባሉ። ሁለተኛው በሽንት፣ በሰገራ ወይም በላብ የሚመጣ እርጥበት ነው። ሦስተኛው የምግብ እጥረት ነው።

ቁስሉ የሚወጣው አጥንት ለቆዳ ቅርብ በሆነበት ቦታ ነው። በጀርባ ለተኛ ሰው ከመቀመጫ በላይ ያለው የወገብ መጨረሻ አጥንትና ተረከዝ ዋናዎቹ ናቸው። በጎን ለተኛ ሰው የዳሌ አጥንትና ቁርጭምጭሚት፣ ዊልቸር ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ የሚቀመጥበት አጥንት ይጎዳል። ክርን፣ የትከሻ አጥንትና የጭንቅላት ኋላ ክፍልም መታየት አለባቸው።

ሐኪሞች ቁስሉን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው አልተቀደደም፤ ግን ቀልቷል፣ በጣት ሲጫኑት አይነጣም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ ከአካባቢው የጠቆረ ወይም የወየበ መልክ፣ ሙቀት፣ መጠንከር ወይም ማበጥ መፈለግ ይሻላል። በሁለተኛው ላይኛው ቆዳ ይላጣል ወይም ውኃ ይቋጥራል። በሦስተኛው ጉዳቱ እስከ ስቡ ይዘልቃል። በአራተኛው ጡንቻ ወይም አጥንት ይታያል። የቁስሉን ወለል የሞተ ሥጋ ወይም ጥቁር ቅርፊት ከሸፈነው ደግሞ ጥልቀቱ እስኪጸዳ ድረስ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጡንቻና ስብ ከቆዳ ይልቅ ለደም መቋረጥ ስስ ናቸው። ስለዚህ ከላይ የሳንቲም ያህል የሚታይ ቀዳዳ ከውስጥ ሰፊ ዋሻ ሊሆን ይችላል። ምስጥ የበላው እንጨት ከውጭ ደህና መስሎ ሲነኩት እንደሚፈርሰው ነው። «ትላንት ትንሽ ነበር፣ ዛሬ እንዴት እንዲህ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማገላበጥ ራሱ ሕክምና ነው

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዣን-ማርታን ሻርኮ የተባለው ታዋቂ የፈረንሳይ ሐኪም የአልጋ ቁስል ከተጎዳው ነርቭ የሚመጣና የማይቀር ነው ብሎ ያምን ነበር። ብራውን-ሴካር የተባለው ሌላ ተመራማሪ ግን በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ሽባ የሆነው አካል ከጫና ከተጠበቀና ንጽሕናው ከተያዘ ቁስሉ እንደማይወጣ አሳየ።

ይህን እውነት የዘወትር ሥራ ያደረገው ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል አከርካሪያቸው ለተጎዳ ወታደሮች ክፍል ከፈተ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ታካሚዎች በአልጋ ቁስልና በሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን በብዛት ይሞቱ ነበር። ጉትማን ሕሙማኑ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌት ተቀን፣ እንዲገላበጡ አዘዘ። ብዙዎቹ ድነው ሥራ ለመሥራት፣ ስፖርት ለመወዳደርም በቁ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተነሳው እሱ በ1948 በዚያው ሆስፒታል ካዘጋጀው ውድድር ነው።

ልብ በሉ፦ ያ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አልነበረም። በሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ቀዶ ሕክምናው ለማን ይደረጋል?

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ቁስል ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ጫናውን በማንሳት፣ በንጽሕናና በምግብ ይድናል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ለሦስተኛና ለአራተኛ ደረጃ፣ በሌላ መንገድ ለማይዘጋ ቁስል ነው።

ያም ቢሆን ለሁሉም አይደለም። ሐኪሞች ከመወሰናቸው በፊት ሕመምተኛው ማደንዘዣና ረጅም ቀዶ ሕክምና የሚችል አቅም እንዳለው፣ ስኳሩ እንደተስተካከለ፣ ሰውነቱ በቂ ፕሮቲን እንዳለው፣ አጥንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን እንደገባ ያያሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ እንዲያቆም ይነገረዋል፤ ሲጋራ የደም ሥርን ያጠብባል። ሰገራ ቁስሉ ላይ የሚፈስ ከሆነም መላ ይፈለግለታል፤ ለአንዳንዶች ሰገራው በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል።

ሌላው መመዘኛ «ከሆስፒታል ሲወጡ ማን ይንከባከባቸዋል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ የአንቺ ስም ከሆነ፣ አንቺም ብትሰሚው ተገቢ ነው።

ሐኪሙ «አይደረግም» ካለ ሕክምና አበቃ ማለት አይደለም። በጣም ለደከሙ ወይም በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ላሉ አዛውንት፣ ሕመማቸውን ማስታገስ፣ ሽታውን መቀነስና ቁስሉን በንጽሕና መያዝ ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው።

ሐኪሙ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው «ለምን ግራና ቀኙን ስቦ አይሰፋውም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥልቅ ቁስል ከውስጥ ባዶ ስለሆነ፣ ከላይ ብቻ ተስቦ ቢሰፋ ውስጡ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ስፌቱም ተወጥሮ ይበጠሳል። ከሌላ ቦታ ስስ ቆዳ ልጦ መለጠፍም አይበቃም። እንዲህ ያለው ቆዳ የራሱን ደም ሥር ይዞ ስለማይመጣና ከሥሩ ሥጋ ስለሌለው፣ አጥንት ላይ ሲተኙበት ይነሳል።

ስለዚህ ሐኪሞች ፍላፕ የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። ችግኝ ስናዛውር ሥሩን አራግፈን አንነቅለውም፤ ከነአፈሩ ቆፍረን እንወስደዋለን። ፍላፕም እንዲሁ ነው። ከቁስሉ አጠገብ ያለ ጤናማ ቆዳ ከነስቡ፣ አንዳንዴም ከነጡንቻው፣ ደም የሚያመጣለት ሥር ሳይቋረጥ ይነሳና ዞሮ ወይም ተስቦ ጉድጓዱን ይሞላል።

ሥራው በቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ የሞተው ሥጋና የጉድጓዱ ግድግዳ ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል። የተበከለ ወይም የሾለ አጥንት ካለ ይጠረባል፤ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚያድነው ይመረመራል። ከዚያ ፍላፑ ይነሳል። ለወገብ መጨረሻ ቁስል ብዙ ጊዜ ከመቀመጫ፣ ለመቀመጫ አጥንት ቁስል ከጭን ኋላ ወይም ከመቀመጫ፣ ለዳሌ ቁስል ከጭን ጎን ይወሰዳል። በመጨረሻም ከውስጥ ወደ ውጭ በደረጃ ይሰፋል፤ ደምና ፈሳሽ እንዳይጠራቀም ድሬን የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ይቀመጣሉ።

አንሶላው ተገልጦ ስፌቱ ሲታይ ያስደነግጣል። የቁስሉ ቀዳዳ ትንሽ ነበር፣ ስፌቱ ግን እስከ ጭን ሊወርድ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። ሥጋው የመጣበት ቦታም መሰፋት አለበት፤ ሐኪሙም በተቻለ መጠን የስፌቱ መስመር በአጥንቱ ላይ እንዳያርፍ አርቆ ይሠራዋል።

ቁስሉ ተዘጋ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ከፍላፕ በኋላ ስፌት መከፈት፣ ኢንፌክሽንና ቁስሉ በዚያው ወይም በሌላ ቦታ ተመልሶ መምጣት የተለመዱ ችግሮች ናቸው። መንስኤው ግልጽ ነው፦ ቁስሉን ያመጣው ጫና ካልተነሳ፣ አዲሱም ሥጋ እንደ አሮጌው ይሞታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ፍላፑ ከአዲሱ ቦታው ጋር እስኪያያዝ ድረስ ብዙ ሐኪሞች ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ መቆየትን ያዝዛሉ። የመጀመሪያው ክፍል በሆስፒታል፣ የቀረው ብዙ ጊዜ በቤት ያልፋል። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱ ትእዛዝ ስላለው እሱ ይቀድማል። በጥቅሉ ግን የሚከተሉት ይሠራሉ።

*ፍላፑ ላይ አይተኛም።* በየትኛው ጎን መተኛት እንደሚፈቀድ ከሆስፒታል ሳይወጡ ጠይቂ። የወገብ ፍላፕ ከሆነ በጀርባ መተኛት አይፈቀድም ማለት ሊሆን ይችላል። ጎን ሲያስቀይሩ ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ ከማስተኛት ይልቅ፣ ከጀርባ ትራስ አስደግፎ በ30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማድረግ ይመረጣል።

*አይጎተትም።* ወደ ራስጌ ለማውጣት ብብት ይዞ መሳብ ስፌቱን ይቀዳል። ከሥር በተነጠፈ አንሶላ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ፣ አንስቶ ማዛወር ነው። ይህ ለእሳቸው ስፌትም ለአንቺ ወገብም ነው። የሆስፒታል ዓይነት አልጋ ካለ ከፍ አድርገሽ ሥሪ፤ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጀርባሽን አታጉብጪ።

*ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ አይልም*፤ ምግብ ሲበሉ ወይም በቱቦ ሲመገቡ ግን ትን እንዳይላቸው ሐኪሙ የሚያዝዘው ይጠበቃል። የመቀመጫ ፍላፕ ከሆነ ጉልበትን ወደ ሆድ ማጠፍም ስፌቱን ይወጥራል። ዳይፐር ስትቀይሪ እግር ወደ ላይ ማንሳት ቀርቶ በጎን በማዞር ይሠራል።

*ተረከዝ አየር ላይ ይሁን።* ትራሱ ከባት ሥር ይገባል፣ ተረከዙ ምንም ሳይነካ ይንጠለጠላል። ውኃ የተሞላ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግና መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ትራስ ላይ ማስቀመጥ የድሮ ልማዶች ናቸው፤ ዛሬ አይመከሩም። ክቡ ትራስ ጫናውን ወደ ጠርዙ ወስዶ ደሙን ይዘጋል።

*የቀላ ቦታ አይታሽም።* በዘይትም ሆነ በቅባት ማሸት የተጎዳውን ሥጋ የበለጠ ይጎዳል። ቁስል ላይ ቡና፣ የወጥ ቤት ማር፣ ዱቄት ወይም አልኮል አይደረግም። የሙቅ ውኃ ከረጢት አይቀመጥም፤ የማይሰማው ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል።

*ቱቦው አይጎተት፣ አይታጠፍ።* ድሬን አንዳንድ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። የሚያወጣው ሐኪም ወይም ነርስ ነው። ጥልቅ ቁስል ውስጥ ጎዝ መጠቅጠቅ፣ የሞተ ቆዳ መቁረጥ፣ መርፌ መውጋትም የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ታዘሽም ቢሆን «ነርስ ታሳየኝ» ማለት መብትሽ ነው።

*ምግብ መድኃኒት ነው።* የዓለም አቀፍ መመሪያዎች የአልጋ ቁስል ላለበትና በቂ ምግብ ለማያገኝ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ በቀን ከ75 እስከ 90 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ የቀረው ከዶሮ፣ ከዓሣ፣ ከምስር፣ ከወተትና ከእርጎ ይሞላል። ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስነው። በረመዳን አንዳንድ አዛውንት ታመውም መጾም ይፈልጋሉ። በእስልምና ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ቢሆንም፣ ይህን ማስረዳት የልጆቻቸውና የሐኪሙ ድርሻ እንጂ ያንቺ አይደለም። አንቺ ምን እንደበሉና እንዳልበሉ ለቤተሰቡ ንገሪ።

መቀመጥ የሚጀመረው ሐኪሙ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በ15 ደቂቃ ይጀመራል። ወደ አልጋ ከተመለሱ በኋላ ቆዳው ይታያል፤ መቅላቱ ቶሎ ከጠፋ በሚቀጥሉት ቀናት ጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፣ ካልጠፋ ይቆማል። «እንግዳ መጥቷል፣ ለአንድ ሰዓት ሳሎን ይቀመጡ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ የሐኪሙ ወረቀት ላይ ያለውን ደቂቃ ለማዳም ማሳየት ክርክር ያሳጥራል።

ሳይውል ሳያድር የሚነገር ምልክት

ጤናማ ፍላፕ ከአካባቢው ቆዳ ጋር የሚመሳሰል መልክና ሙቀት አለው። የሚከተለው ሲታይ ለቤተሰቡ ወዲያው መንገር፣ ለሆስፒታሉ መደወል ያስፈልጋል፦

– ፍላፑ ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ ከጠቆረ፣ ወይም ከነጣና ከቀዘቀዘ፤
– ስፌቱ ከተከፈተ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፤
– በቱቦው ድንገት ብዙ ደም ከመጣ፣ ወይም ሲወርድ የነበረው ፈሳሽ ድንገት ቆሞ ቦታው ካበጠ፤
– ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መቀባዠር ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከመጣ። በአዛውንት ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳትም መቀባዠር ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በስልክ ለማስረዳት ጥቂት የዐረብኛ ቃላት ይበቃሉ። «አል-ጁርሕ ኢንፈተሕ» ቁስሉ ተከፈተ ነው። «ሎኑ አስወድ» መልኩ ጠቁሯል፣ «ፊሃ ሐራራ» ትኩሳት አላት፣ «ፊ ሪሐ» ሽታ አለው ማለት ነው። ደም በዐረብኛም «ደም» ነው።

ሰው ራሱን ከሳተ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ደሙ አልቆም ካለ አምቡላንስ ይጠራል፦ በሳውዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኳታርና በባሕሬን 999፣ በኩዌት 112፣ በኦማን 9999።

ሌሊቱስ የማን ነው?

በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ብቻ አራት ጊዜ መነሳትን ይጠይቃል። ቀን ምግብ ያበሰለች፣ ቤት ያጸዳች፣ ልጆች የያዘች አንዲት ሴት ይህን ለስድስት ሳምንት ብቻዋን ልትችለው አትችልም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጥላታል፤ በዚያ ሌሊት የሚጎዳው ፍላፑ ነው።

ሕጉም ይህን አይፈቅድም። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 የቀኑን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። የኳታር ሕግ ቁጥር 15/2017 ጣሪያውን 10 ሰዓት አድርጎታል። በኤምሬትስ ደግሞ የቤት ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት እረፍት ሊኖራት፣ ከዚህም ቢያንስ 8 ሰዓቱ ያልተቋረጠ ሊሆን ይገባል። በየሁለት ሰዓቱ የሚቀሰቅስ ደወል ያልተቋረጠ እረፍት አይባልም።

ወረቀት ላይ ያለ ሕግና ቤት ውስጥ ያለው እውነት እንደሚለያዩ አንባቢ ከእኛ በላይ ያውቃል። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ከሌሎች አቤቱታዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ያንቺ እረፍትና የእናታቸው ጤና አንድ ላይ ናቸው። «ደከመኝ» የሚለው ቃል ሰሚ ባያገኝ፣ «ማማ ቁስላቸው እንዳይከፈት ሌሊት የሚያግዘኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ሐኪሙም በየሁለት ሰዓቱ ብሏል» የሚለው ሊሰማ ይችላል። በዐረብኛ «ላዚም ንቀሊብሃ ኩል ሳዐተይን» ማለት «በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለብን» ነው። «አለብን» የሚለው ቃል ይጠቅማል።

መፍትሔዎችም አሉ። ከልጆቻቸው አንዱ ወይም ሌላ ሠራተኛ የሌሊቱን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሌሊት ነርስ መቅጠር፣ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከመክፈል ይሻላል። በየክፍሉ አየር እየሞላና እየጎደለ ጫናን የሚያቀያይር ፍራሽ፣ «መርተባ ሀዋኢያ»፣ ሐኪሙ ከተስማማ በማገላበጦቹ መካከል ያለውን ጊዜ ሊያራዝም ይችላል፤ ማገላበጥን ግን አይተካም። በኳታር የሐማድ ሕክምና ኮርፖሬሽን፣ በሳውዲም የጤና ሚኒስቴሩ የቤት ለቤት ሕክምና አገልግሎት አላቸው። ቤተሰቡ ከሆስፒታል ሳይወጣ ስለዚህ እንዲጠይቅ ማሳሰብ ይቻላል።

ጣት ወደ ማን ይቀሰራል?

ቁስሉ ሲወጣ ወይም ስፌቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚል ነው። በእርግጥ ቸልተኝነት ቁስል ያመጣል። ቁስል ሁሉ ግን የቸልተኝነት ውጤት አይደለም። በሱፐርማን ፊልም የሚታወቀው ተዋናይ ክሪስቶፈር ሪቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፈረስ ወድቆ ሽባ ከሆነ በኋላ ተንከባካቢ ነርሶች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2004 ከመሞቱ በፊት ግን በተመረዘ የአልጋ ቁስል ይታከም ነበር። ሀብትም ባለሙያም ያላቸው ሰዎች ላይም ይወጣል።

ራስን ለመጠበቅ ቀላሉ መንገድ ደብተር ነው። ሥራ በጀመርሽ ቀን ማዳም ባለችበት መላ ሰውነታቸውን እያጠብሽ እዪ፤ የቀላ ወይም የቆሰለ ቦታ ካለ ከነቀኑ ጻፊ። ከዚያ በየጊዜው የገለበጥሽበትን ሰዓት፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ የበሉትንና ያየሽውን ለውጥ መዝግቢ። በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም። ሰዓቱና ቀኑ ይነበባል፤ ለሐኪሙም ከማንኛውም ወሬ የበለጠ ይጠቅመዋል። ፎቶ ግን ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አታንሺ፣ ለማንም አትላኪ። በእነዚህ አገሮች የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃድ ማንሳት በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የሕመምተኛዋ ክብርም ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተነገረ የቀላ ቆዳ በሁለትና በሦስት ቀን እረፍት ሊመለስ ይችላል። ወቀሳ ተፈርቶ የተደበቀ ግን ቀዶ ሕክምና ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ቤተሰቡም ቢሆን ያየችውን የምትናገር ሠራተኛን ባይቆጣ፣ የሚጠቀመው ራሱ ነው።

ከሆስፒታል ሳትወጡ

የመውጫው ቀን ሲደርስ ማዳምን «እኔም ልምጣ፣ ነርሷ ታሳየኝ» በያት። እዚያ ስትደርሺ እነዚህን ጠይቂ፦ በየትኛው ጎን ይተኛሉ? በየስንት ሰዓቱ ይገላበጣሉ? ራስጌው እስከ ስንት ከፍ ይላል? ፋሻውን የሚቀይረው ማን ነው፣ መቼስ? ስፌቱና ቱቦው መቼ ይወጣል? መቀመጥ መቼ ይጀመራል፣ ለስንት ደቂቃ? ሌሊት ችግር ቢፈጠር ለየትኛው ቁጥር ይደወላል?

መልሱን በወረቀት እንዲሰጡሽ ለምኚ። ከዚያም ነርሷ እያየችሽ አንድ ጊዜ አንቺው ራስሽ አገላብጪያቸው። የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው ትታረሚያለሽ። በሐኪሙ እጅ ያለፈው ሰዓት ጥቂት ነው፤ ቀጣዮቹ ሳምንታት ግን በአንቺ እጅ ያልፋሉ፣ ይህንንም በዚያ ክፍል ያሉት ሁሉ ቢያውቁት ይበጃል። «ዐሊሚኒ» በያት ነርሷን፤ አሳዪኝ፣ አስተምሪኝ ማለት ነው።